ስለ ብዙዎች ሲባል
(በውኃ ሥር ስለ ቀሩ መንደሮች የቀረበ የኅሊና ጥያቄ)



ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በተመረቀ ጊዜ በየቤታችን የነበረውን ደስታ ሁላችን እናስታውሳለን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ዕለት ጀምሮ ዐሥራ አራት ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚህ ዓመታት መምህሩና ነርሷ ከወር ደመወዛቸው፣ ገበሬው ከምርቱ፣ ሊስትሮው ከዕለት ገቢው ከፍለው ያቆሙት ሥራ ስለ ሆነ፣ ደስታው የሕዝብ ደስታ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው ይህ ግድብ በኩራዝ ለሚያጠና ተማሪ፣ ዓይኗ በማገዶ ጢስ ለሚደክም እናት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ደስታ ለመቀነስ አይደለም። እኛም በጊዜው ቦንድ ገዝተናል፤ ከመሥዋዕተ ቅዳሴ በኋላም ምእመናን እንደየዐቅማቸው እንዲሳተፉ አሳስበናል። በዚህ አንጸጸትም። ይሁን እንጂ ከምረቃው በኋላ ኅሊናችንን ስንመረምር አንድ ነገር አገኘን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሠራተኞቹ ደኅንነት፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር ስለሚደረገው ድርድር ጸልየናል፤ ውኃው ስለሚተኛባቸው መንደሮች ግን አንድም ቀን አልጸለይንም። ስማቸውንም አልጠየቅንም። ብዕር ያስነሣን ይኸው የራሳችን ዝምታ ነው።

ጥያቄያችን ሁለት ነው። የብዙዎች ጥቅም የጥቂቶችን መንደር ሊጠይቅ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ፣ ካሣ ከተከፈለ በኋላ የሚቀር ዕዳ አለን?

1. ሸለቆው ባዶ አልነበረም

ዋናው ግድብ 1,780 ሜትር ይረዝማል፤ ከጎኑ የተሠራው የኮርቻ ግድብ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ያገዱት ውኃ እስከ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋና እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ሆኗል፤ «ንጋት» የሚል ስምም ተሰጥቶታል። ስፋቱ ከጣና ሐይቅ ስፋት ከግማሽ ይበልጣል። ሙሌቱ በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ውኃው ደረጃ በደረጃ ከፍ ሲል ቆየ።

ስለዚያ ቆላ ስንናገር «ባዶ መሬት» ማለት ለብዙ ዘመን ልማድ ሆኖብን ኖሯል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የሚመጣው ደጋው በሚያይበት ዐይን ቆላውን ከማየት ነው። ጉሙዝ መሬቱን በመቆፈሪያ ቆፍሮ ማሽላ የሚዘራ፣ ጥቂት ዓመት ካመረተበት በኋላ መሬቱ እንዲያርፍ ትቶት ወደ ሌላው የሚያልፍ፣ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ የሚመጣበት ሕዝብ ነው። ያረፈው መሬት ለመንገደኛ ዱር ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን የልጁ እርሻ ነው። ከእርሻው ሌላ ከዓባይና ከገባሮቹ ዓሣ ያጠምዳል፤ ውኃው ሲጎድል ከወንዙ አሸዋ ወርቅ ያጥባል፤ ከዱሩ ማር ይቆርጣል፤ እህል ባነሰ ጊዜ ሥራ ሥርና ቅጠል ይለቅማል። ወንዙ ለእርሱ ጎተራ ነበር። የካሣ ቀማሪ ግን የሚቆጥረው የቆመ ቤትንና የተዘራ ማሳን ነው፤ ያረፈ መሬትና የወንዝ ዳር በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራሉ።

«ጉሙዝ ድሮም ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሕዝብ ነው፤ መንደር መለወጥ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም» የሚሉ አሉ። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። በራስ ርስት ውስጥ በራስ ጊዜ መዘዋወር የመመለስ መንገድ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ነው። በውኃ ወደ ተሸፈነ እርሻ ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ የለም።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚነግሩን ጉሙዝ ባሪያ ፈንጋዮች በበረቱበት ዘመን ከደጋው ግርጌ እየሸሸ ወደ ዓባይ ቆላ አፈግፍጓል። ንዳዱና ወባው ለአሳዳጁ ግንብ ሆኖበት ነበር። እንግዲህ ዛሬ በውኃ ሥር ያለው ሸለቆ ለዚህ ሕዝብ መኖሪያም መሸሸጊያም ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ፈጽሞ ከተሻረ በኋላ እንኳ የአካባቢው ሰላም አልረጋም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱና መሬት ያጠራቸው ወገኖቻችን ከወሎ፣ ከሸዋና ከደቡብ አካባቢዎች በብዙ አሥር ሺዎች ተወስደው በጣና በለስ ሰፈሩ። የመጡት በፈቃዳቸው ብቻ አልነበረም፤ መሬታቸው የተወሰደባቸውም አልተጠየቁም። ሁለት የተጎዱ ሕዝቦች በአንድ መሬት ላይ ተገናኙ።

የህዳሴው ግድብ ያስነሣቸው ሰዎች ቁጥር ራሱ በየጽሑፉ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ዘገባ 5,110 ሲል፣ ሌሎች ጽሑፎች ወደ 20,000 ያደርሱታል። ኮንክሪቱን በሜትር ኩብ፣ ኃይሉን በሜጋ ዋት፣ ውኃውን በቢሊዮን ቆጥረን በቃላችን የምንይዝ ሰዎች፣ ስለ ሰዎቹ ቁጥር እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገጥመን አለመደንገጣችን የሚያሳስብ ነው።

2. አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ

ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ቅን ፍርድ መስጠት ስለሚከብደው፣ ከእኛ ርቆ የተፈጸመና ሰማንያ ዓመት ያህል ያለፈው አንድ ታሪክ እንመልከት።

በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በደርቢሸር ክፍለ ሀገር፣ ደርወንት የሚባል ወንዝ አለ። በወንዙ ሸለቆ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ትንሽ መንደር ነበረ። ደርወንት ቤተ ክርስቲያንና ድልድይ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1672 የተሠራ የመኳንንት ቤትም ነበረው። ይህ ቤት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኋለኛ ዓመታት በእንግሊዝ ካቶሊካውያን ዘንድ የታወቀው የኖርፎክ መስፍን ቤተሰብ ገዝቶት አስፋፍቶታል፤ የካቶሊክ ጸሎት ቤትም ነበረበት። እንግዲህ መሥዋዕተ ቅዳሴ ይቀርብበት የነበረ ቤት ነው።

በአካባቢው ያሉት ታላላቅ ከተሞች፣ ሼፊልድ፣ ደርቢ፣ ኖቲንግሃምና ሌስተር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በዝቶባቸው ንጹሕ ውኃ አጥሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 የሸለቆውን ውኃ የሚያስተዳድር ቦርድ ተቋቋመ። ሁለት ግድቦች በላይኛው ሸለቆ ከተሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ሌዲባወር የሚባለው ሦስተኛው ግድብ ተጀመረ። የዚህኛው ውኃ የሚያርፈው በደርወንትና በጎረቤቱ በአሾፕተን መንደር ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1943 በደርወንት ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ጸሎት ተደረገ። ከመቃብሩ ስፍራ አፅሞች ወጥተው ባምፎርድ በሚባል መንደር በክብር ተቀበሩ። የጭነት ፈረሶች ይሻገሩበት የነበረው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነቅሎ ከቆየ በኋላ ከወንዙ በላይ በሌላ ስፍራ ተገጣጥሞ ቆመ። የመኳንንቱ ቤት ፈረሰ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከግድቡ በታች ወደ ተሠሩላቸው አዳዲስ ቤቶች ገቡ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1945 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ግድቡን መረቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ግን ለመታሰቢያ ተብሎ ስለ ተተወ ከውኃው በላይ ብቻውን ቆሞ ይታይ ነበር። ወደ እርሱ የሚዋኙ ሰዎች አደጋ እንዳይደርስባቸው ተሠግቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በፈንጂ ፈረሰ። ዛሬ ከደርወንት መንደር ከውኃው መስመር በላይ የቀሩት ጥቂት ቤቶች ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልገንም። ለከተማው ድኻ ንጹሕ ውኃ ማድረስ በጎ ሥራ ነው። ለሙታን ክብር ተሰጥቷል፤ ለሕያዋን ቤት ተሠርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ1995 እና በ2018 ድርቅ ውኃውን ባጎደለው ጊዜ የደርወንት ፍርስራሽ ብቅ ሲል ብዙ ሕዝብ ሊያየው ጎርፏል። ሁሉ ነገር ተከፍሎ ካለቀ፣ ሰው ምን ፍለጋ ወደ ጭቃው ይወርዳል? በሒሳቡ መዝገብ ያልገባ አንድ ነገር ስለ ቀረ ነው እንላለን። ያም ነገር ቦታው ለሰዎች የነበረው ትርጉም ነው፤ ይህ ተቆጥሮ አይከፈልም።

3. ቤቱ ይታወሳል፤ መንደሩስ?

የደርወንትን ታሪክ በጥንቃቄ ላነበበ ሰው ሌላም ነገር ይታየዋል። ድርቁ ሲመጣ የሚታየው ድንጋይ ነው። የመኳንንቱ ቤት የተሠራበት ዓመት፣ የገዛው ቤተሰብ ስም፣ የበሩ ዓምዶች ሳይቀሩ ይታወቃሉ። በዚያ ቤት ወጥ ቤት የሠራችው ሴትና በጎቹን የጠበቀው ልጅ ግን በጥቂቱ ነው የሚታወሱት። ድንጋይ ያለው ይታወሳል፤ ድንጋይ የሌለው ይረሳል።

በእኛም ሸለቆ እንዲሁ ሆኗል። የጉሙዝ ቤት ከቀርከሃ፣ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ነው። የንጋት ሐይቅ ውኃ አንድ ቀን ቢጎድል እንኳ ብቅ የሚል ደጃፍ፣ የሚታይ ጉልላት የለም። ነገር ግን በጉባም የድንጋይ ቤት ነበረ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጉባን ይገዛ የነበረው ሐምዳን አቡ ሾክ ያሠራው ቤተ መንግሥት ፍርስራሹ ተርፎ አጥኚዎች መዝግበውታል። የዚህ ቤት ሀብት በከፊል የመጣው በዙሪያው ካለው ሕዝብ እየተያዙ ከተሸጡ ሰዎች ነው። የቤቱ ጌታ ስም በመጻሕፍት አለ፤ የተሸጡት ሰዎች ስም የለም።

ከዓባይ ማዶ የአሶሳ ገዥ የነበሩት ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰንም ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅና ባሮች ይገብሩ እንደ ነበር ታሪክ ይናገራል። በአዲስ አበባ ቤት አሠርተው ስለ ነበር፣ ሰፈሩ በስማቸው «ሸጎሌ» ተብሎ ቀረ። ዛሬም የታክሲ ረዳቱ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጣራ ሳያውቀው የአንድን ገዥ ስም ያነሣል። ከዚያው ምድር በግብር ስም ተነድተው የመጡትን ሰዎች መንደር በስሙ የሚጣራ ግን አንድም ረዳት የለም።

ይህን የምናነሣው የሞቱ ሰዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ገባሪው ብቻውን አልነበረም፤ ግብሩን ተቀባዩም ነበረ፤ የዚያም ቤተ መንግሥት ቅርስ ወራሾች ሁላችን ነን። የምናነሣው የራሳችንን የማስታወስ ልማድ ለመመርመር ነው። ስለ ህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋዩን ያስቀመጡትን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን፣ ሥራውን በኃላፊነት የመሩትን ኢንጂነር ስመኘው በቀለን እናስታውሳለን፤ ልናስታውሳቸውም ይገባል። ከመካከላችን ከተነሡት መንደሮች የአንዱን ስም የሚጠራ ስንት ሰው ይኖራል?

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ሌላ ልማድ አላት። በቅዳሴዋ ውስጥ የሕያዋንና የሙታን ስም ታነሣለች፤ በጥምቀት መዝገቧ የንጉሥ ልጅም የድኻ ልጅም በአንድ ዐይነት መስመር ይጻፋል። እግዚአብሔር ሰውን በስሙ የሚያውቅ እንጂ በቁጥር የሚያውቅ ስላልሆነ ነው።

4. ናቡቴና ቀያፋ

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የብዙዎች ጥቅም የጥቂቶችን መንደር ሊጠይቅ ይገባዋልን?

ስለ ርስት ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አሳባችን የሚመጣው በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈው የናቡቴ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው አክዓብ ሳይከፍል ሊወስድ እንደ ፈለገ አድርገን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አክዓብ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ በገበያ ሚዛን ሲታይ ቅን ነበር፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ሊሰጠው ነበር። ናቡቴ እምቢ ያለው ዋጋው አንሶት ሳይሆን ቦታው የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ ነው። ቅዱስ መጽሐፍም ይህን እንደ ግትርነት አልቆጠረበትም።

እንግዲህ በናቡቴ ምሳሌ ብቻ ብንፈርድ ግድብ ሁሉ ኃጢአት ይሆን ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ መታየት አለበት። አክዓብ የፈለገው ለቤተ መንግሥቱ የሚቀርብ የአትክልት ስፍራ ነበር፤ ግድቡ ግን የንጉሥ አትክልት አይደለም። የዓለም ምድራዊ ሀብት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1967 «ፖፑሎሩም ፕሮግረሲዮ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የጋራ ጥቅም በሚጠይቅበት ጊዜ የግል ይዞታን መውሰድ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል አስተምረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ፣ አዎን፣ ሊጠይቅ ይችላል የሚል ነው።

ይሁን እንጂ ይህ «አዎን» ያለ ገደብ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ስለ ሕግ ሲያስተምር አንድ ሕግ ፍትሐዊ የሚሆነው ዓላማው የጋራ ጥቅም ሲሆን ብቻ ሳይሆን ሸክሙም በሕዝቡ ላይ በተመጣጠነ መንገድ ሲከፋፈል ጭምር መሆኑን ያስረዳል። ሸክሙ ያለ ምጥን በጥቂቶች ላይ ከወደቀ፣ ዓላማው በጎ ቢሆንም ሕጉ ይጎድላል። አንዳችን የወር ደመወዝ ሰጥተናል፤ ሌላው የአባቶቹን መቃብር ሰጥቷል። ሁለቱ ስጦታዎች እኩል አይደሉም፤ ሆኖም የምስክር ወረቀት የተሰጠው ለመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ላይ ሌላ ሰው ወደ ሸንጎው ይገባል፤ እርሱም ቀያፋ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው፣ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ ይልቅ አንድ ሰው ቢሞት እንደሚሻል ለሸንጎው ያስረዳው ሊቀ ካህናት ነው። ወንጌላዊው በዚህ ንግግር ላይ የሚሰጠው አስተያየት አስደናቂ ነው፤ ቀያፋ ሳያውቀው ትንቢት እንደ ተናገረ ይነግረናል። ይኸውም ቃሉ እውነት ነበር ማለት ነው። በእርግጥም አንዱ ስለ ብዙዎች ሞቷል፤ እኛም በዚያ ሞት ድነናል። ያው ቃል በቀያፋ አንደበት ወንጀል የሆነው፣ በክርስቶስ ሕይወት ደግሞ መድኃኒት የሆነው ለምንድን ነው?

ቀያፋ የሌላውን ሕይወት መደበ፤ ክርስቶስ የራሱን ሰጠ። «ስለ ብዙዎች ሲባል» የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለሚሰጠው ሰው አፍ ነው። የሚቀበለው ሰው በሰጪው ፋንታ ሲናገረው ቃሉ ባሕርዩን ይለውጣል፤ የፍቅር ቃል መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ቃል ይሆናል። እኛ በከተማ ተቀምጠን «ለአገር ሲባል ጥቂት ሰዎች ቢነሡ ምን አለበት?» ስንል፣ የምንሰጠው የራሳችንን አይደለም። ያን ቃል ሊናገር የሚችለው የተነሣው ሰው ነው። እርሱ ተጠይቆ፣ ነገሩ በቋንቋው ተገልጾለት፣ «ለወገኔ ይሁን» ካለ፣ በምድራችን ላይ ታላቅ የሆነ የፍቅር ሥራ ተፈጽሟል። ሳይጠየቅ ተነሥቶ ከሆነ ግን መሥዋዕትነት ብለን ልንጠራው አንችልም፤ መሥዋዕት የሚያቀርበው ሰው ያውቀዋልና።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ለነባር ሕዝቦች መሬት ከአምላክና ከአባቶች የተቀበሉት ስጦታ እንጂ ሸቀጥ አለመሆኑን፣ ምድራቸውን የሚነካ ታላቅ ሥራ ሲታሰብም ዋናዎቹ ተወያዮች እነርሱ መሆን እንዳለባቸው ያሳሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

5. የቀረው ዕዳ

አንድ አንባቢ «ግድቡ ተሠርቷል፤ ውኃው ተኝቷል፤ ያለፈን ነገር መነካካት ምን ይጠቅማል?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችንም የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በካሣ የሚዘጋ ዕዳ አለ፤ በካሣ የማይዘጋ ዕዳም አለ። እናት ልጇን ስላሳደገች ወጪዋ ቢሰላ ይከፈላት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ «ነጻ ወጣሁ» ቢል ሰው ይታዘበዋል። ስጦታ ምስጋናን ይወልዳል፤ ምስጋናም በአንድ ጊዜ ተከፍሎ አያልቅም። እንግዲህ ሦስት ነገሮች ይቀሩብናል።

አንደኛው ስማቸውን መያዝ ነው። የተነሡት መንደሮች ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። የቦታው ስም፣ የመቃብሩ ስፍራ፣ የወንዙ መሻገሪያ፣ የጎሳው ታሪክ በእነርሱ ልብ ውስጥ ነው፤ እነርሱ ሲያልፉ ያልፋል። በግልገል በለስና በማንዱራ በጉሙዝ ሕዝብ መካከል የሚያገለግሉት የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን አባቶችና እኅቶች ከሕዝቡ ጋር በቋንቋው ይነጋገራሉ። መሥራቻቸው ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ እ.ኤ.አ. በ1881 ያረፈው ይኸው የእኛ ዓባይ ከነጭ ዓባይ በሚገናኝበት በካርቱም ነው፤ ዘመኑንም የፈጸመው ባሪያ ፍንገላን ሲቃወም ነው። የእርሱ ልጆችና የእኛ ወጣቶች አንድ መዝገብ ይዘው የሽማግሌዎቹን ቃል ቢጽፉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለደርወንት ድልድይ ድንጋይ የተደረገውን ያህል ለሰው ስም ማድረግ አያቅተንም።

ሁለተኛው የብርሃኑን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። አስቀድሞ የሰጠ አስቀድሞ ሊቀበል ይገባዋል። ከግድቡ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መሥመር በተነሺዎቹ ጎጆ ላይ አልፎ ወደ ሩቅ ከተማና ወደ ጎረቤት አገር የሚሄድ፣ እነርሱ ግን በኩራዝ የሚያመሹ ከሆነ፣ ምሥጋናችን የአፍ ብቻ ይሆናል። ሐይቁም አዲስ ሀብት ይዞ መጥቷል፤ ዓሣ አለበት። በወንዙ ዳር ዓሣ አጥማጅ የነበረው ሰው በሐይቁ ዳር ተመልካች እንዳይሆን፣ ጀልባውና መረቡ፣ የማኅበሩም ፈቃድ በቅድሚያ ለእርሱ እንዲደርስ መናገር የሁላችን ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ወደ ፊት የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት በወንዙ ላይ አራት ታላላቅ ግድቦች ሊሠሩ እንደሚችሉ አመልክቶ ነበር፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ እና በድንበሩ አጠገብ የታሰበው ናቸው። ዛሬ የቆመው በመጨረሻው አካባቢ ነው። የሌሎቹ ዕቅድ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ቆይቷል። ስለዚህ ሌሎች ሸለቆዎች፣ ሌሎች መንደሮች ወደ ፊት ይጠየቁ ይሆናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ስብሰባ የት ይደረጋል? በከተማ አዳራሽ ወይስ በዛፉ ጥላ ሥር? በማን ቋንቋ? ከዛሬ ጀምሮ መልሱን ማዘጋጀት ይገባናል።

ይህን ስንል በመተከል ምድር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የፈሰሰውን ደም አንዘነጋም። ጉሙዝም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም ሞቷል፤ ተፈናቅሏል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ ከአንድ መቶ በላይ ንጹሐን ሰዎች በአንድ ቀን የተገደሉበት ሐዘን ከልባችን አልወጣም። የመሬት ቅሬታ ለግድያ ምክንያት አይሆንም፤ አንድም ሰው እንዲህ ብሎ እንዳያስብ። ነገር ግን ያልተሰማ ቅሬታ በሚኖርበት ምድር ክፉ ሰው በቀላሉ አድማጭ ያገኛል። እርቅ የሚጀመረው እያንዳንዱ የሌላውን ኪሳራ በስሙ መጥራት ሲችል ነው። ሠፋሪውም የተወለደበትን መንደር አጥቶ የመጣ ሰው መሆኑን ጉሙዙ ቢሰማ፣ ጉሙዙም ከሠፋሪው በፊት መሬት እንደ ነበረው ሠፋሪው ቢሰማ፣ ሁለቱ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አንድ ነገር ያገኛሉ።

ውድ ምእመናን፣ የጀመርነው በራሳችን ዝምታ ስለ ሆነ የምንጨርሰውም በራሳችን ላይ ነው። ሌላው ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ሳንጠብቅ አሁን ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አለ። በግእዝ ሥርዓታችን በክረምት ወራት ስለ ዝናብና ስለ ወንዞች ውኃ እንጸልያለን። ሐይቁ በሚሞላበት በዚያው ወቅት፣ በየቁምስናችን ለአንድ እሑድ ያህል፣ ከውኃው ሥር ስለ ቀሩት መንደሮች፣ በዚያ ስለ ተቀበሩት ሙታንና በአዲስ ስፍራ ስለሚኖሩት ልጆቻቸው አንድ ጸሎት እንጨምር። ስማቸውን አጣርተን ባገኘን ጊዜ ደግሞ በስማቸው እንጥራቸው።

የሁላችን አባት የሆነው እግዚአብሔር ለሰጡት ዋጋቸውን፣ ለተቀበልነው የምስጋና ልብ ይስጠን። አሜን።